ድርብ ዳፎዲል ምን ያህል ያድጋል? ለማደግስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? ከሐረርና ከድሬዳዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአጎቴ ልጅ ከሆላንድ ስትመጣ ከቸኮሌቱ ጋር አንድ ከረጢት ሽንኩርት የመሰለ ነገር ይዛ መጣች። እናቴ ወደ ማድ ቤት ይዛው ስትሄድ ነው የደረስኩባት። ዳፎዲል የሚባል አበባ ኮረት ነበር፤ አበባው የሚበቅልበት እንደ ሽንኩርት ያለ ራስ ማለት ነው፤ 12 ፍሬ፣ ያውም ድርቡ ዓይነት። ከዚያ ወዲህ ሐረር ግቢያችን ውስጥ ሦስት ዓመት ተክዬዋለሁ። ሲያብብ ያየ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ድሬ ያለችው አክስቴ ደግሞ በስልክ አታስተኛኝም። ጥያቄው ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ ስንት ይረዝማል፣ መቼ ይደርሳል፣ እኛ ጋ ይሆናል ወይ? መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ቁመቱ መጨረሻ ላይ ስንት ይሆናል?

እንደ ዓይነቱ ነው። አብዛኛው ድርብ ዳፎዲል ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ይላል ብላችሁ ያዙት። ዛፍ አይሆንም፣ ቁጥቋጦም አይሆንም፣ አጥርም አይሸፍንም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንዲት ጎረቤቴ በረንዳዋን እንዲጋርድላት አስባ ስለነበር ነው።

በስም ለይታችሁ የምትገዙ ከሆነ ጥቂቶቹን ልንገራችሁ። ታሂቲ የሚባለው ቢጫ ሆኖ መሃሉ ላይ ብርቱካናማ ቀይ ጣል ጣል ያለበት ነው፤ ወደ 40 ሴንቲ ይደርሳል፤ አበባው ብቻውን 10 ሴንቲ ገደማ ይሰፋል። እኔ ያለኝ እሱ ነው። ቺርፉልነስ ነጭ ነው፣ መሃሉ ክሬም ይመስላል፤ በአንድ አገዳ ላይ ሦስት አራት ሆኖ ይወጣል፣ ሽታው ደስ ይላል፤ ቁመቱ እሱም 40 አካባቢ ነው። ብራይዳል ክራውን ከሱ እምብዛም አይለይም። ሪፕ ቫን ዊንክል ደግሞ ድንክዬው ነው፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ብቻ፤ አበባው ሹል ሹል ያለ ቢጫ ነው። ለትንሽ ጣሳ ከሱ የሚሻል የለም።

ወደ ጎን ስፋቱስ? አንድ ኮረት ቅጠሉ ሲዘረጋ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ቦታ ይይዛል። ዓመት እየቆጠረ ልጅ ሲያወጣ ነው ወደ ጎን የሚሰፋው።

ድርብ ማለት ምን ማለት ነው?

ተራው ዳፎዲል ዙሪያውን ስድስት የአበባ ቅጠል አለው፣ መሃሉ ላይ ደግሞ እንደ ስኒ ወይም እንደ መለከት ያለ ነገር አለ። በድርቡ ላይ ያ ስኒ ተበጣጥሶ ወደ ቅጠልነት ተቀይሯል። የአበባውን ዱቄት የሚይዙት ዘንጎችም አብዛኛውን ጊዜ አብረው የአበባ ቅጠል ሆነዋል። ስለዚህ አበባው ጽጌረዳ ወደ መምሰል ይሄዳል። በዓለም አቀፉ አመዳደብ ዳፎዲል በ13 ክፍል ይከፈላል፤ ድርቦቹ 4ኛው ክፍል ናቸው። አዲስ ፋሽን እንዳይመስላችሁ። ቫን ሲዮን የሚባለው ድርብ ዓይነት አውሮፓ ውስጥ ከታወቀ 400 ዓመት ሆኖታል።

የአረብኛ ስሙ ነርጂስ ነው። ጀጎል ውስጥ ላሉ አንዳንድ እናቶች ዳፎዲል ስላቸው ዝም ይላሉ፤ ነርጂስ ስላቸው ግን ፊታቸው ይፈታል።

ከተከልኩት በኋላ በስንት ጊዜ ያብባል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

አበባው ስትተክሉት አይደለም የሚጀመረው። ኮረቱን ስትገዙት አበባው ውስጡ ተሠርቶ አልቋል። አንዱን የበሰበሰ ኮረት እንደ ቀይ ሽንኩርት ለሁለት ሰንጥቄ አይቻለሁ። መሃሉ ላይ፣ በነጫጭ ልጣጮቹ ተጠቅልሎ፣ የክብሪት ራስ የምታክል ፈዛዛ ቢጫ እምቡጥ ነበረች። ያቺ እምቡጥ የተሠራችው ኮረቱ ካለፈው ዓመት ቅጠል ባከማቸው ምግብ ነው። እኛ የምናደርገው እሷን አስርዝሞ ማውጣት ብቻ ነው።

ለማውጣት ደግሞ ብርድ ያስፈልጋል። ዳፎዲል የትውልድ አገሩ ሜዲትራኒያን ዳር ነው፤ በተለይ ስፔንና ፖርቱጋል ላይ ብዙ ዓይነት አለ። እዚያ በመከር ሥር ይሰድዳል፣ ክረምቱን በብርድ ውስጥ ያሳልፋል፣ ብርዱ ሲያልፍ ያብባል፣ ሙቀቱ ሲበረታ ይተኛል። ብዙዎቹ ዓይነቶች ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ከ4 እስከ 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ብርድ ውስጥ መቆየት አለባቸው። ብርዱን ካልጠገበ ሰዓቱ አይሞላለትም።

የእኔን የመጀመሪያ ዓመት ማስታወሻ ልስጣችሁ። መስከረም 10 ፍሪጅ ገቡ። ታኅሣሥ 10 አውጥቼ ተከልኳቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም የለም፤ አፈሩ ላይ ዝም ነው። ያን ጊዜ ከሥር ሥር እየሰደደ ነው፤ ቆፍራችሁ እንዳታዩት። ታኅሣሥ 28 ቀን አረንጓዴ ጫፍ ብቅ አለ፣ እንደ ነጭ ሽንኩርት ቡቃያ። ጥር 20 ቀን ቅጠሉ በልብስ ሰፊ ሜትር ስለካው 22 ሴንቲ ነበር። ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው። አገዳው በአንድ ሳምንት ውስጥ ስምንት ሴንቲ ጨመረ። የካቲት 6 ቀን ጠዋት እምቡጡን የሸፈነችው ቀጭን ወረቀት መሳይ ልጣጭ በጎን ተሰንጥቃ ቢጫው ታየ። በማግሥቱ ግማሽ፣ በሦስተኛው ቀን ሙሉ ፈነዳ። ቁመቱ 38 ሴንቲ።

እንግዲህ ከተከላ እስከ አበባ ስምንት ሳምንት ገደማ ማለት ነው። ከብርዱ ጋር ከቆጠርነው አምስት ወር። አበባው ራሱ ጥላ ባለበት ቀዝቃዛ ቦታ እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ፀሐይ ከጠነከረበት ግን ሳምንትም ላይሞላ ይችላል።

ታዲያ ሐረር ላይ ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን በራሱ አይሆንም። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየራችን ለእኛ ተስማሚ ነው። ለዳፎዲል ግን ብርዱ አነስተኛ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ጋቢ ያስደርባል፤ ቀን ግን ፀሐይ ነው። አፈሩ ለሦስት ወር ያህል ቀዝቅዞ አይቆይም። ስለዚህ ብርዱን ከፍሪጅ እንበደራለን። ሐሮማያና አካባቢዋ ትንሽ ከፍ ስለሚሉ ሌሊታቸው ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ እዚያ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ግን እናንተም ፍሪጁን አትዝለሉት።

ታኅሣሥ ላይ የምተክለው ለዚህ ነው። ከፍሪጅ ሲወጣ ድንገት ሙቀት ላይ እንዳይወድቅ ነው። በጣም ቀዝቃዛው ጊዜያችን ላይ ሥር ይሰድዳል፣ የበልጉ ሙቀት ሳይመጣ የካቲት ላይ ያብባል።

ድሬዳዋስ?

አክስቴ ይቺን ጥያቄ ስትጠይቀኝ "አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ" ብላ ነው የምትጀምረው። እውነቱን እነግራችኋለሁ።

ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከደንገጎ ቁልቁል ሲወረድ መስኮት የሚከፈተው ያለ ምክንያት አይደለም። ትልልቆቹ ድርብ ዓይነቶች፣ ታሂቲም ሌላውም፣ መሬት ላይ ተተክለው ዓመት ዓመት አይመለሱም። ለአንድ ጊዜ አበባ ብቻ ይሆናሉ፣ ያውም ፍሪጅ ውስጥ ከርመው፣ በጣሳ ተተክለው፣ ገና ታኅሣሥና ጥር ሳያልፍ፣ ቤት ውስጥ ወይም ቀኑን ሙሉ ጥላ በሆነ በረንዳ ላይ። እምቡጡ በሙቀት ላይ ከወጣ ሳይፈነዳ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ተራው ዳፎዲል የሚችለውን ሙቀት ድርቡ አይችለውም፤ ያን ሁሉ የአበባ ቅጠል ለመዘርጋት ብዙ ውሃና ረጋ ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

የግድ ድርብ ካላችሁ ኤርሊቺርን ፈልጉ። ክሬም መሳይ ነጭ፣ ጠረኑ ጠንካራ፣ በአንድ አገዳ ላይ ከ10 በላይ ትንንሽ ድርብ አበባ ያወጣል፤ ቁመቱ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ነው። ብዙ ብርድ አይጠይቅም፤ ሞቃት አገር ላይ ከሌሎቹ ድርቦች የተሻለ ይችላል። ድርብነቱ ባይጨንቃችሁ ደግሞ ፔፐርዋይት የሚባለው ነጩ አለ። እሱ ፍሪጅም አይፈልግም፤ ጠጠርና ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ብታስቀምጡት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ያብባል።

ሌላው ምክሬ፣ ለከዚራ ግቢም ለሳቢያን በረንዳም፣ አማሪሊስ ነው። የዳፎዲል ዘመድ ነው፣ ኮረቱ ትልቅ ነው፣ ድርብ ዓይነት አለው፣ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ይቆማል፣ ሙቀት ይወዳል። አክስቴ አሁን እሱን ነው የያዘችው። የእኔን ዳፎዲል ለማየት የካቲት ላይ ሐረር ትወጣለች።

ፍሪጅ ውስጥ እንዴት ነው የሚቀመጠው?

አየር በሚያስገባ ወረቀት ከረጢት ወይም በመረብ አድርጋችሁ ከታች፣ አትክልት በሚቀመጥበት መሳቢያ። ፍሪዘር አይደለም! ከ12 ሳምንት እንዳያንስ። በየሁለት ሳምንቱ አውጥታችሁ ዳስሱት፤ የላላ ወይም የሻገተ ካለ ጣሉት።

ሁለት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ ፍራፍሬ አብሮት አይቀመጥ። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ፖም ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ እሱ ውስጥ ያለችውን እምቡጥ ይገድላታል። ኮረቱ ደህና ይመስላል፤ ቅጠልም ያወጣል፤ አበባ ግን የለም። እኛ አገር ፍሪጅ ውስጥ ፍራፍሬ አይጠፋም፤ በሁለተኛው ዓመት አምስቱ ያልፈኩልኝ በዚሁ ይመስለኛል። ሁለተኛ፣ ከረጢቱ ላይ በትልቁ "አይበላም" ብላችሁ ጻፉበት። ምክንያቱን ታች እመጣበታለሁ።

መብራት የሚጠፋበት ቀን አያስጨንቃችሁ። ለጥቂት ሰዓት ቢሞቅ ችግር የለም። ለቀናት ከሆነ ግን የጠፋበትን ቀን ያህል ጨምሩለት።

የእኔ አጭር ሆኖ ቀረ። ቅጠሉ መሃል ተደብቆ ነው ያበበው። ለምን?

ብርዱን አልጠገበም። ቁመቱን የሚወስነው ብርዱ ነው። ሰው ማዳበሪያ ያነሰው ይመስለውና ይጨምርበታል፤ ያ መፍትሔ አይደለም። ስምንት ሳምንት ብቻ ፍሪጅ የቆየ ታሂቲ 15 ሴንቲ ላይ ሊያብብ ይችላል።

የተገላቢጦሹም አለ። ቁመቱ ከልክ በላይ መዞ፣ ቅጠሉ ፈዞ፣ ወደ አንድ ጎን ከተኛ ብርሃን አንሶታል። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ጥላ የሚሆን ቦታ ለሐረር በጣም ጥሩ ነው። የምሥራቅ ግድግዳ ሥር በሉት።

ቅጠል ብቻ አወጣ፣ አበባ የለውም።

ከኤትሊኑና ከሙቀቱ ሌላ ዋናው ምክንያት የኮረቱ ማነስ ነው። ኮረት በዙሪያው ልክ ነው የሚሸጠው። ለአበባ የሚሆነው በዙሪያው 12 ሴንቲ እና ከዚያ በላይ የሆነ ነው፤ 14 እና 16 ካገኛችሁ እሰዬው። ከዚያ ያነሰው ገና ልጅ ነው። ይመገባል፣ ያድጋል፣ አበባውን ለሌላ ዓመት ያቆየዋል። አንድ ጊዜ ከአንድ ሻጭ "ትልልቅ ነው" ተብዬ በስልክ ያዘዝኩት ሲመጣ የነጭ ሽንኩርት ራስ አያክልም ነበር፤ 10 ሩም ቅጠል ብቻ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ሜትር ሳልይዝ አልገዛም። እናንተም ዙሪያውን ጠይቁ፤ በእጃችሁም ያዙት። ጠንካራና ከበድ ያለ መሆን አለበት።

ዓመት ዓመት እየበዛ ይሄዳል ወይ? በምን ፍጥነት?

እኔ እንደ እድገት የማየው ይሄንን ነው። ቁመቱ በስምንት ሳምንት ያልቃል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያው ነው፣ ታሂቲ በአሥረኛ ዓመቱ 80 ሴንቲ አይሆንም። የሚያድገው ከመሬት በታች ያለው ነው።

አየሩ በሚስማማው አገር አንድ ኮረት በጎኑ ልጅ እያወጣ በሦስት አራት ዓመት ውስጥ አራት አምስት ይሆናል። ልጆቹ ራሳቸው ለማበብ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋሉ። በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ ተጨናንቀው አበባ ሲቀንሱ ይቆፈሩና ይለያያሉ።

ሐረር ላይ ግን ነገሩ እንዲህ አልሆነልኝም። በመጀመሪያው ዓመት ከ12ቱ 11 አበቡ። በሁለተኛው 6። በሦስተኛው 4። የእናትየው ኮረት ዙሪያ መጀመሪያ 15 ሴንቲ ነበር፣ በሁለተኛው ዓመት 12 ሆነ። ልጆች ወጥተዋል፣ ዘጠኝ ቆጥሬያለሁ፣ ግን ጥቃቅን ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አበባው ካለፈ በኋላ ቅጠሉ ለሚቀጥለው ዓመት ምግብ የሚያከማችበት ጊዜ ያስፈልገዋል፤ እኛ ጋ መጋቢት ሲሞቅ ቅጠሉ ቶሎ ይቢጫል። ሥራውን ሳይጨርስ ያቆማል።

በሦስተኛው ዓመት ያደረግሁት፣ አበባው እንዳለፈ ጣሳዎቹን ወደ ግቢው ቀዝቃዛ ጥግ፣ የውሃ በርሜሉ አጠገብ ወሰድኳቸው። ብርሃን አለ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ የለም። ቅጠሉ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ አረንጓዴ ሆኖ ቆየ። ስቆፍረው ዙሪያው 13 ሴንቲ ሆኗል። አንዲት ሴንቲ ናት፣ እኔ ግን ደጋግሜ ለካኋት። በአበባው ብዛት ብቻ ብለካው ኖሮ ሦስተኛው ዓመት ከሁሉ የከፋ ነበር የምለው።

ቅጠሉን መቼ ልቁረጠው?

ራሱ ቢጫ ሆኖ ሲተኛ። አበባው ካለፈ በኋላ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ተዉት። እንዳትጎነጉኑት፣ በላስቲክም እንዳታስሩት፤ ፀሐይ የሚበላው በዚያ ቅጠል ነው። የደረቀውን አበባ ግን ወዲያው ቁረጡ።

ሲተኛ መሬት ውስጥ ልተወው?

አይ፣ አውጡት። በአገሩ የሚተኛበት ጊዜ ደረቅ ነው፤ የእኛ ክረምት ደግሞ ዝናብ ነው። የሐምሌና የነሐሴ እርጥብና ሞቃት አፈር ውስጥ የተኛ ኮረት ከሥሩ ይበሰብሳል። ግንቦት ላይ አውጥታችሁ፣ አፈሩን አራግፋችሁ፣ ሳታጥቡ፣ አየር በሚገባበት ጥላ ውስጥ በመረብ ስቀሉት። ድሮ ነጭ ሽንኩርት ተጎንጉኖ እንደሚሰቀለው ማለት ነው። መስከረም ሲጠባ እንደገና ፍሪጅ።

ምን ያህል ጥልቀት ላይ፣ ምን ያህል ተራርቆ ይተከላል?

የኮረቱን ቁመት ሦስት እጥፍ ጥልቀት፤ ለትልልቆቹ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ። ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ። በመሬት ላይ ከሆነ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ አራርቁት። በጣሳ ወይም በባልዲ ከሆነ መጠጋጋት ይችላሉ፤ አፉ 20 ሴንቲ የሆነ ባልዲ አምስት ስድስት ኮረት ይይዛል፣ እርስ በርስ ሳይነካኩ። ቂጡን በሚስማር ቀዳዱት። ውሃ የሚያቁር አፈር ገዳዩ ስለሆነ ሦስት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት እቀላቅላለሁ። ትኩስ ፍግ በፍጹም።

ውሃስ?

ከበቀለ እስኪያብብ ድረስ አፈሩ መድረቅ የለበትም። በተለይ እምቡጡ ከታየ በኋላ ሦስት ቀን ቢጠማ እምቡጡ ወረቀት ይሆናል። የእኛን የውሃ ወረፋ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኔ አትክልት ያጠብኩበትን ውሃ ለሱ አስቀምጣለሁ። ሳሙና የነካው ግን አይሆንም። ቅጠሉ መቢጨት ሲጀምር ቀንሱ፣ ሲተኛ አቁሙ።

አበባው ከብዶት ይደፋል። ምን ላድርግ?

ድርብ ስለሆነ ነው። ያ ሁሉ የአበባ ቅጠል ውሃ ሲይዝ አገዳው አይችለውም። የየካቲት ድንገተኛ ዝናብ በአንድ ሌሊት አራቱን ደፍቶብኛል። ከላይ አታጠጡ፣ ከሥር አጠጡ። ነፋስ ካለ ቀጭን ዘንግ አቁማችሁ በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። የተደፋውን ቆርጣችሁ ቤት አስገቡት፤ ውሃ ውስጥ ቀና ይላል።

ከዘር ማብቀል ይቻላል?

ድርቡ አብዛኛውን ጊዜ ዘር አይዝም፤ ዘር የሚሠራበት አካሉ የአበባ ቅጠል ሆኗል። የተራው ዳፎዲል ዘር ደግሞ እስኪያብብ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ኮረት ግዙ።

መርዝ አለው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ቀልድ የለውም። ሁሉም አካሉ መርዝ ነው፣ ኮረቱ ደግሞ ይብሳል። ላይኮሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ያስመልሳል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ተቅማጥ ያመጣል። ማብሰል አያጠፋውም። ሽንኩርት ስለሚመስል ነው አደጋው። ከቀይ ሽንኩርት የሚለየው ሽታው ነው፤ የዳፎዲል ኮረት ቢሰነጠቅ ሽንኩርት ሽንኩርት አይልም። ግን በጠረኑ ብቻ አትተማመኑ፤ ከማድ ቤት አርቁት፣ ለቤት ሠራተኛም ለልጆችም ንገሩ። ሰው በስህተት ከበላ ሳትቆዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፣ ኮረቱንም ይዛችሁ ሂዱ።

የአገዳው ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል፤ ብዙ የምትቆርጡ ከሆነ ጓንት አድርጉ። ፍየልና በግ ብዙ ጊዜ አይነኩትም፣ ግን የቆረጣችሁትን ቅጠል ከገለባ ጋር አትቀላቅሉባቸው። አይጥም አትበላውም።

ከዚሁ ተክል ጋላንታሚን የሚባል መድኃኒት ይወጣል፤ ለአልዛይመር ሕመምተኞች የሚሰጥ ነው። ይህን የምጽፈው ማንም ቤቱ ውስጥ እንዲሞክር አይደለም፤ መድኃኒቱ የሚሠራው በፋብሪካ ተጣርቶና ተመጥኖ ነው።

ከአደይ አበባ ጋር ዘመድ ነው?

ቢጫነታቸው እንጂ ሌላ የሚያገናኛቸው የለም። አደይ ከሱፍና ከኑግ ወገን ናት። ዳፎዲል ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በአንድ ቤተሰብ ነው የሚመደበው። እኛ አገር የሚበቅለው የጅብ ሽንኩርትም የቅርብ ዘመዱ ነው። ጅብ በስም ለሚታወቅባት ሐረር ይህ ደስ የሚል ዝምድና ነው።

ቆርጬ ከጽጌረዳ ጋር በአንድ ብርጭቆ ላስቀምጠው?

ወዲያው አይሆንም። ከተቆረጠው አገዳ የሚወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ሌላውን አበባ ቶሎ ያጠወልገዋል። መጀመሪያ ለብቻው በውሃ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ጠዋት ውሃውን ድፉት፣ አገዳውን ግን ዳግም አትቁረጡት፤ ከቆረጣችሁት ፈሳሹ እንደገና ይወጣል። ከዚያ ከጽጌረዳው ጋር አድርጉት። ለመቁረጥ ጥሩው ሰዓት ጠዋት ነው፣ እምቡጡ ቀለሙን አሳይቶ ገና ሙሉ ሳይፈነዳ። ቅጠሉን ግን ለኮረቱ ተዉለት።